ዲቭ ምን አጠፋ?

መድረኩ ላይ የከፈትኩት የውይይት ክር ረዝሟል። አዲስ የሚገባ ሰው 34 መልስ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ይታክተዋል። አድሚኑም አንተ ከፍተኸዋልና አንተው አሳጥረው አለኝ። እሺ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ ማን ምን እንዳለ በራሴ አፍ ነው የምነግራችሁ። አዛብተኸኛል የሚል ካለ 35ኛ ሆኖ ይምጣ።

መነሻው

የማታ የዌብ ዲዛይን ኮርስ እየወሰድኩ ነው። የማጠቃለያ ፕሮጀክት ተሰጠን። አንድ ገጽ ብቻ፣ ርዕሱ እንደፈለግን። እኔ የአክስቴን ምግብ ቤት መረጥኩ። ላይ ስሙ፣ ከሱ ሥር ማውጫው፣ መሀል ላይ የምግብ ዝርዝር ከነፎቶው፣ ዝቅ ብሎ የትእዛዝ ፎርም፣ መጨረሻ ላይ ስልክና አድራሻ። በስልክም በላፕቶፕም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሦስት ሌሊት አላስተኛኝም።

አስተማሪው ስልኩ ላይ ከፍቶ አየውና ያምራል አለ። ከዚያ ኮዱን ሲከፍት ፊቱ ተለወጠ። ከ40ው 15 ቀነሰብኝ። ምክንያቱን ሲጽፍ አንድ መስመር አልሞላም፤ ሴማንቲክ አይደለም፣ አለቀ። ኮዱ የትኛው ክፍል ምን እንደሆነ አይናገርም ማለቱ ነው።

ቤት ገብቼ ቆጠርኩ። 41 ዲቭ አለው። ገጽ በሚጻፍበት በኤችቲኤምኤል እያንዳንዱን ክፍል የሚከፍተውና የሚዘጋው ምልክት ታግ ይባላል፤ ዲቭ የራሱ ትርጉም የሌለው ባዶ ማቀፊያ ታግ ነው። ራስጌው ዲቭ፣ ማውጫው ዲቭ፣ የምግቡ ርዕስ ዲቭ። እዘዝ የሚለው በተን (የሚጫኑት ቁልፍ) ራሱ ዲቭ ነው። ግን ሁሉም በክላስ፣ እኛ በምንለጥፍበት ስም፣ ተሰይሟል፤ ሄደር የሚል ክላስ አለው፣ ሜኑ የሚል አለው፣ ፉተር የሚል አለው። ታዲያ ብራውዘሩ ላይ ልዩነቱ ካልታየ ዲቭ ምን አጠፋ? ሌሊት 6 ሰዓት ላይ፣ ንዴቴ ሳይበርድ፣ ይህንኑ እዚህ ጻፍኩ። ጠይቄ ብቻ ብተወው ጥሩ ነበር። ጀማሪ መጀመሪያ ሲኤስኤስን፣ የገጹን መልክ የሚያስተካክለውን ኮድ፣ ይልመድ፣ የታግ ስም መምረጥ ሥራ ሲያዝ የሚደረስበት ቅንጦት ነው ብዬም ጨመርኩበት።

መልስ 1። እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ጀመረ። ትህትናው ደስ ይላል። እሱም ዓምና እኔ ያለሁበት ቦታ እንደነበር ጻፈ። ፍሌክስቦክስ የሚባለው የሲኤስኤስ አደራደር ብቻውን ራስ ያዞራል፤ ጀማሪ ላይ ሁሉን ባንዴ ከጫንክበት ትቶ ይሄዳል ባይ ነው። መጨረሻ ላይ አይዞህ አለኝ። ላይክ አደረግኩለት።

መልስ 2። ይኼኛው ከኔም የባሰ ነው። ታዋቂ የሚባሉ ድረ ገጾችን ከፍቶ፣ ኮዳቸውን ፎቶ አንስቶ አያይዟል። ዲቭ ውስጥ ዲቭ፣ እሱ ውስጥ ሌላ ዲቭ። እነሱ ያልተጨነቁበት አንተን ምን አስጨነቀህ ነው ነገሩ። አሸነፍኩ ብዬ ተኛሁ።

መልስ 3። ጠዋት ስነሳ ረጅም ጽሑፍ ጠበቀኝ። ሰውየው አይሰድብም፣ አይቆጣም፤ ታሪክ ያወራል። ድሮ ሄደር (ራስጌ)፣ ናቭ (ማውጫ)፣ ፉተር (ግርጌ) የሚባል ታግ አልነበረም። ሰው ሁሉ እንደኔ ዲቭ እየጻፈ ስም ይለጥፍበት ነበር። በፈረንጆቹ 2005 ጉግል ውስጥ ይሠራ የነበረው ኢያን ሂክሰን ከአንድ ቢሊዮን በላይ ገጾች ወስዶ የክላስ ስሞችን አስቆጠረ። ሰው ደጋግሞ የሚጠቀማቸው ስሞች ወጡ። ፉተር፣ ሜኑ፣ ሄደር፣ ናቭ እዚያ ዝርዝር ራስ ላይ ነበሩ። ኤችቲኤምኤል 5 ሲዘጋጅ አዳዲሶቹ ታጎች የመጡት ሰው አስቀድሞ ይሠራው የነበረውን አይቶ ነው። ኤችቲኤምኤል 5 ኦክቶበር 28፣ 2014 በይፋ ጸደቀ።

ይህን ሁለቴ አነበብኩት። እኔ ለዲቮቼ ያወጣሁት ስም ራሱ ታግ ሆኖ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቷል ማለት ነው። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

መልስ 4። ከዚህ ላይ ነው ድምፁ የተቀየረው። ይኼ ሰው ሰላምታ የለውም። ዲቭ ምንም አላጠፋም፣ ያጠፋኸው አንተ ነህ ብሎ ገባ። ሄደር የሚል ክላስ መስጠት ካወቅክ ክፍሉ ራስጌ መሆኑን አውቀሃል፤ እያወቅክ ለምን ደበቅከው? ከዚያ ፊደል ቆጠረልኝ። በኔ አጻጻፍ መክፈቻው ብቻ ከነምልክቶቹ 20 ቁምፊ ይፈጃል። በትክክለኛው ታግ 8 ነው። እና ሰነፍም ብትሆን የሚያዋጣህ ይኼኛው ነው አለ። ተናደድኩ፤ ግን እኔም ቆጠርኩት። 20 ነው።

መልስ 5 እስከ 8። እነዚህን በአንድ ላይ ልለፋቸው። 5ኛው ጉግል በዲቭ የተሠራን ገጽ ይቀጣል አለ። 6ኛው እንዲህ ያለ ቅጣት የለም፣ ልጆችን አታስፈራራ አለ። ርዕስ በርዕስ ታግ ሲጻፍ የፍለጋ ሞተሩ ገጹ ስለምን እንደሆነ ይረዳል፣ እሱ እውነት ነው፤ ከዚያ አልፎ ዲቭ ቆጥሮ ወደ ታች የሚገፋ ሰው የለም ባይ ነው። 5ኛው ተመልሶ የትምህርት ማስረጃውን ጠቀሰ። 8ኛው ሁለታችሁም ልጁ የጠየቀውን አልመለሳችሁም አላቸው። ልክ ነው፤ አልመለሱም።

መልስ 9። ክሩን ክር ያደረገው ይኼ ነው።

ጸሐፊዋ ዓይነ ስውር ነች። ቤት ላፕቶፕ ላይ ኤንቪዲኤ በሚባለው፣ ስክሪኑን ድምፅ አውጥቶ በሚያነብ ነፃ ስክሪን ሪደር ትሠራለች፤ ስልኳ ላይ ደግሞ ቶክባክ የሚባለው አለ። ሊንኩን ከመነሻው ጽሑፍ ላይ ወስዳ ገጼን ከፍታዋለች። ያጋጠማትን በተራ በተራ ጻፈችው። ቁጣ የለበትም። እሱ ነው ያስቸገረኝ።

ገጹ እንደተከፈተ ስሙን ተናገረ፤ ዶክዩመንት። የአክስቴ ምግብ ቤት ስም አይደለም። ኮድ መጻፊያው በራሱ ያስቀመጠውን ቃል ሳልነካው ቀርቻለሁ። ቀጥላ ኤች የሚለውን ፊደል ተጫነች። ኤንቪዲኤ ላይ ኤች ወደሚቀጥለው ርዕስ ያዘልላል። ቀጣይ ርዕስ የለም አላት። ዲ ተጫነች፤ ዲ ከራስጌ ወደ ማውጫ፣ ከማውጫ ወደ ዋናው ክፍል የሚያሻግር ነው። እሱም የለም። ቢ ተጫነች፣ በተን ፍለጋ። የለም። እኛ በዓይናችን ላፍ አድርገን የምናየውን ገጽ እሷ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ አንድ በአንድ ልትሰማ ነው። ሽሮ፣ ዋጋ፣ ተጋቢኖ፣ ዋጋ፣ ፍርፍር፣ ዋጋ።

እሱም ቢሆን በአማርኛ ቢሰማ። ገጹ ራስ ላይ ቋንቋውን የሚናገር ላንግ የሚባል ነገር አለ። እኔ ዘንድ እንግሊዝኛ ይላል፤ እሱንም ያስቀመጠው ኮድ መጻፊያው ነው። ስለዚህ አንባቢው የግዕዙን ፊደል በእንግሊዝኛው ድምፅ ሊያነብ ታገለ፤ የሚሰማ ነገር አልወጣም። እሷ በእጇ ድምፁን ለወጠችና ቀጠለች።

ፎርሙ ጋ ደረሰች። ሦስት ሳጥን አለው። እያንዳንዱ ላይ ስትደርስ የሰማችው መጻፊያ፣ ባዶ የሚል ብቻ ነው። የቱ ስም ነው፣ የቱ ስልክ? እኔ ከየሳጥኑ በላይ ጽፌዋለሁ፣ በዲቭ። ለዓይን ቅርብ ነው። ለማሽኑ ግን ጽሑፉና ሳጥኑ አይተዋወቁም፤ የሚያስተዋውቃቸው ሌብል የሚባለው ታግ ነው። በግምት ሞላቻቸው። እዘዝ ጋ ስትደርስ አንባቢው እንደማንኛውም ቃል አነበበውና አለፈ። ታብ ብትጫን አይቆምበትም። ኢንተር ብትጫን አይሰማም።

በዚህ አያያዝ አክስትህ ቤት የሚበላው ያየ ብቻ ነው ብላ ጨረሰች።

መልስ 10። የኔ ነው። መልስ አልነበረኝም። ላፕቶፔን ከፈትኩና አይጡን ነቅዬ በታብ ብቻ ገጼን ልዞር ሞከርኩ። ታብ። መጀመሪያው ሳጥን። ታብ። ሁለተኛው። ታብ። ሦስተኛው። ታብ። ብራውዘሩ አናት ላይ ወዳለው አድራሻ ወጣ። እዘዝን ዘሎታል። በሠራሁት ገጽ ላይ ራሴ ማዘዝ አቃተኝ። ይህንኑ ጻፍኩና ከየት ልጀምር ብዬ ጠየቅኩ።

መልስ 11። መፍትሔ ይዞ መጣ። ዲቩን አትንካው፤ ሮል የሚባለውን መግለጫ ጨምረህ በተን ነው በለው፣ ታብ እንዲቆምበት ታብኢንዴክስ ዜሮ ስጠው፣ ይበቃል።

መልስ 12። አይበቃም። ይቺኛዋ ሴትዮ ሙያዋ ይመስለኛል፣ እጇ ፈጣን ነው። ሮል በተን ብለህ ስትጽፍ ስሙን ነው የሰጠኸው፤ ሥራውን አልሰጠኸውም። አሁን ደግሞ ኢንተር ሲጫኑ እንዲሠራ ጃቫስክሪፕት ትጽፋለህ፣ ስፔስ ሲጫኑ እንዲሠራ ሌላ ትጽፋለህ፣ ፎርሙን እንዲልክ ሌላ። በተን የሚለው ታግ ይህን ሁሉ ይዞ ነው የተወለደው። ኤሪያ የሚባለው የተደራሽነት መመሪያ ራሱ የመጀመሪያ ሕጉ ይኼው ነው፤ ሥራውን የሚሠራ የኤችቲኤምኤል ታግ ካለ እሱን ተጠቀም። 11ኛው አመሰግናለሁ ብሎ ወጣ። እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ ነው።

መልስ 13 እና 14። እውነቱን ተናገርኩ። በተንን የሸሸሁት ስለማያምር ነው። ያ ግራጫ ሳጥን፣ ያ ጠርዝ። ባሰብኝ ደግሞ ለገጹ ሁሉ የመረጥኩት የአማርኛ ፊደል በተኑ ላይ ሲደርስ ይጠፋና ሌላ ፊደል ይመጣል። 14ኛው ሳቀብኝና ፈታው። የፎርም ነገሮች የገጹን ፊደል በራሳቸው አይወርሱም። በሲኤስኤስ ፎንት ኢንሄሪት ብለህ ትነግራቸዋለህ፤ አንድ መስመር ናት። ጠርዙንና ጀርባውን ለማጥፋት ሁለት መስመር። ሦስት መስመር ሲኤስኤስ ባለማወቄ ነው ይህ ሁሉ የመጣው። ሲኤስኤስ መጀመሪያ ይለመድ ብዬ የተከራከርኩት እኔ።

መልስ 15። ወደ 2ኛው ተመለሰ። ትልልቆቹ ስለሚያደርጉት ልክ ነው ማለት አይደለም አለው። ዌብኤይም የሚባል የአሜሪካ ተቋም በየዓመቱ የአንድ ሚሊዮን ድረ ገጾችን መነሻ ገጽ በማሽን ይፈትሻል። በ2024 ስህተት የተገኘባቸው 95.9 በመቶ ናቸው። ስለዚህ ከትልልቆቹ ጋር መመሳሰል ምስክር አይሆንህም። ይኸው ተቋም የስክሪን ሪደር ተጠቃሚዎችንም ይጠይቃል፤ በዚያው ዓመት ባወጣው ውጤት ከ10 ሰው 7ቱ ረጅም ገጽ ላይ ነገር ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚዘሉት በርዕስ በርዕስ ነው። እኔ አንድም ርዕስ አልነበረኝም። 2ኛው አልመለሰም።

መልስ 16 እስከ 19። ቋንቋውን ቀይርና ኢ-ቲ በለው፣ ኢትዮጵያ ማለት ነው ብሎ 16ኛው መከረኝ። ቀየርኩ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ 17ኛው ደረሰልኝ። ኢ-ቲ የአገር ኮድ ሲሆን ኢትዮጵያ ነው፤ የቋንቋ ኮድ ሲሆን ግን ኢስቶኒያኛ ነው። የአማርኛ ኮድ ኤ-ኤም ነው፣ የትግርኛ ቲ-አይ፣ የኦሮምኛ ኦ-ኤም። 18ኛው ደግሞ ኤ-ኤም የአገር ኮድ ሲሆን አርመን እንደሆነ አስታወሰን። እና የአክስቴ ሽሮ ለግማሽ ሰዓት በኢስቶኒያኛ ቀረበ። 19ኛው ሙድ ያዘብኝ፤ የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን ላይ ቅርንጫፍ መቼ ነው የምትከፍቱት አለ። ችግር የለውም፣ እኔም ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ግን ይኼ ስህተት የኔ ብቻ አይመስለኝም። የራሳችሁን ገጽ እስኪ ክፈቱና እዩ።

መልስ 20 እስከ 22። ከሜሪላንድ የሚጽፍ ሰው ነው። እዚያ ለመንግሥት ሥራ ሶፍትዌር ይሠራል። የፌደራል መሥሪያ ቤት ገጽ ለአካል ጉዳተኛ ካልተመቸ ሴክሽን 508 የሚባለው ሕግ ይይዘዋል፤ አውሮፓም የራሱን ሕግ ከጁን 28፣ 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል፤ ስለዚህ ለውጭ ደንበኛ መሥራት የሚፈልግ ልጅ ከወዲሁ ይልመደው ባይ ነው። ከልብ ነው የጻፈው፣ ግን ትንሽ አስተማሪ አስተማሪ ይሸታል። 21ኛው አልማረውም። አንተ እዚያ ሆነህ ሕግ ታወራለህ፣ እዚህ መብራት ሲጠፋ ፓኬጅ አብሮ ያልቃል፣ ልጁ መጀመሪያ እንጀራ ይብላ አለው። ከዚህ የባሰም ጻፈ፤ አድሚኑ አጥፍቶታል። 22ኛዋ ከእስራኤል ነች። እዚያም 5568 የሚባል የድረ ገጽ ደረጃ እንዳለና ሥራ ስትቀጠር የጠየቋት እሱን እንደሆነ ነገረችን። ለ21ኛው ደግሞ ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በፈረንጆቹ 2010 እንዳጸደቀች አስታወሰችው። ሄደር ብሎ መጻፍ ከዲቭ የበለጠ ፓኬጅ አይበላም አለችው። ያቺ የ4ኛው ቁጥር 8 እዚህ ጠቀመች።

መልስ 23። ጋሼ መጡ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ መድረኩ ላይ በዕድሜ ትልቁ ሳይሆኑ አይቀሩም። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ኮድ የጀመሩት ከልጅ ልጃቸው ጋር ነው። እሳቸው ሲጽፉ ሰው ይታረማል።

የብራና ጸሐፊ ሁለት ቀለም ነበረው አሉ፤ ጥቁርና ቀይ። ቀዩ ለጌጥ አልነበረም። የምዕራፉን መነሻ በቀይ ይጽፋል፤ የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንን፣ የቅዱሳኑን ስም በቀይ ይጽፋል። አንባቢው ቀዩን ሲያይ እዚህ ነገር ይጀምራል፣ እዚህ ስም አለ ብሎ ያውቃል። ልጆቹ ሴማንቲክ የሚሉት ይኼ አይደለም ወይ ብለው ጠየቁ። ነው።

ከዚያ የራሳቸውን ጥያቄ አመጡ። ለአጽንኦት የሚሆነው ኤም የሚባለው ታግ ፊደሉን ያጋድለዋል። የላቲን ፊደል ሲያጋድል ያምርበታል፤ ግዕዝ ግን ማጋደል ልማዱ አይደለም። ሀ ስታጋድል የምትወድቅ ትመስላለች። ታጉን ይተዉት ወይ? 12ኛዋ መለሰችላቸው፣ በአንቱታ። ታጉን አይተዉት፤ ትርጉሙን እሱ ይያዝ፣ መልኩን ሲኤስኤስ ላይ ይለውጡ። ማጋደሉን ያጥፉና ቀይ ያድርጉት። ጋሼ በማግስቱ የገጻቸውን ፎቶ ለጠፉ። ኤሙ ሁሉ ቀይ ሆኗል፣ ልክ እንደ ብራናው። እውነት ለመናገር ከ34ቱ መልስ ዓይኔ ላይ የቀረው ይኼ ፎቶ ነው።

(የ12ኛዋ መልስ 24ኛ ነው። ቁጥሩ እንዳይዘላችሁ።)

መልስ 25። አንድ ጎበዝ በደስታ ገባ። ክሩን አንብቦ ፕሮጀክቱን አስተካክሏል። ዲቭ ዜሮ! ሁሉንም ሴክሽንና አርቲክል ወደሚባሉት ታጎች ቀይሮታል። እያንዳንዱ ሴክሽን ውስጥም ኤች1፣ ዋናውን የርዕስ ታግ፣ አስገብቷል።

መልስ 26 እስከ 30። ጠብ።

26ኛው ዜሮ ዲቭ ምኑም ጉራ አይደለም አለው። ዲቭ ሕጋዊ ታግ ነው። ሁለት ነገር ጎን ለጎን ለማስቀመጥ ብቻ ማቀፊያ ከፈለግክ ዲቭ ነው ትክክለኛው፤ ርዕስ የሌለው ሴክሽን ለስክሪን ሪደሩ ከዲቭ ምንም አይሻልም። የኤች1 ነገር ደግሞ የድሮ ወሬ ነው። ብራውዘሮቹ በየሴክሽኑ ያለውን ኤች1 እያዩ ደረጃውን ራሳቸው ዝቅ ያደርጉታል ተብሎ ተጽፎ ነበር። አንዳቸውም አልሠሩትም። በ2022 ከኤችቲኤምኤል ይፋ መመሪያ ላይ ተሰርዟል። አንድ ኤች1፣ ከሥሩ ኤች2፣ ከሱ ሥር ኤች3።

እስከዚህ ጥሩ ነበር። 27ኛው ግን ለመሆኑ የምግቡ ዝርዝር ምን መሆን አለበት ብሎ ጠየቀና ቤቱ ተቀጣጠለ። እያንዳንዱ ምግብ አርቲክል ነው አለ አንዱ። ሽሮ ምን ሲደረግ አርቲክል ይሆናል አለ 4ኛው፣ ተመልሶ መጥቶ። አርቲክል ከገጹ ተነጥሎ ብቻውን ቢሄድም ትርጉም የሚሰጥ ነገር ነው፤ ዜና፣ የብሎግ ጽሑፍ። ሽሮ ከነዋጋው ብቻውን የት ይሄዳል? ሌላዋ ሠንጠረዥ ነው አለች፣ ምግብና ዋጋ ሁለት ዓምድ። ሌላው ተራ ዝርዝር ነው አለ፣ ስክሪን ሪደሩ ስንት ምግብ እንዳለ አስቀድሞ ይቆጥርለታል። አንዱ ሌላውን ኮርስ ሳይጨርስ የሚያስተምር አለው። ያኛው ስለ እናቱ አንድ ነገር ጻፈ። 30ኛው አድሚኑ ነው፤ ሁለት መልስ አጠፋ፣ አንድ ሰው ለ3 ቀን አገደ። ዝርዝርም ሠንጠረዥም ያስኬዳል፣ በሽሮ አትጋደሉ አለ።

የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ ጀማሪ ጉልበቱን እዚህ መጨረስ የለበትም። አርቲክል ይሁን ሴክሽን ብለን ስንፋጅ ዋልን፤ ያቺን ልጅ ግን ያስቸገራት እሱ አልነበረም። በተን፣ ሌብል፣ ርዕስ፣ ቋንቋ። አራቱ ናቸው። እነሱ ከተስተካከሉ በኋላ ስለ ሽሮው እንጣላ።

መልስ 31። ጸጥ ያለ፣ ግን ጠቃሚ። ገጼ ላይ መስከረም 1 ቀን 2018 ዝግ ነን የሚል ማስታወቂያ አለ። ከ9ኛዋ በኋላ ጎብዤ ታይም የሚለውን ታግ ተጠቅሜ ለማሽኑ 2018-01-01 ብዬ ጽፌበታለሁ። 31ኛው አየብኝ። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። ለሱ የጻፍኩት ጃንዋሪ 1፣ 2018 ነው፤ ካለፈ ቆይቷል። ለሰው የሚታየው በኛ ይሁን፣ ለማሽኑ የሚሰጠው 2025-09-11። ሰዓቱም እንዲሁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንከፍታለን ካልክ ለማሽኑ 07:00 ነው።

መልስ 32። ከርዕሱ ወጣ፣ ግን ደስ ይላል። ተራ ቁጥር ያለው ዝርዝር በግዕዝ ቁጥር እንዲቆጥር በሲኤስኤስ ማዘዝ ይቻላል፤ ኢትዮፒክ ኒውሜሪክ ይባላል። አንድ መስመር ጽፈህ ፩፣ ፪፣ ፫ ብሎ ይወርዳል። ዋጋውንም በግዕዝ አድርገው አለኝ። ፻፹ ብር የሚል ሜኑ አክስቴ ብታየኝ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ።

መልስ 33። የኔ። አዲሱን ገጽ ለጠፍኩ። 41 የነበረው ዲቭ 6 ቀርቷል፤ ስድስቱም ለአቀማመጥ ናቸው። ሄደር፣ ናቭ፣ ሜይን፣ ፉተር አሉ። አንድ ኤች1። በተኑ በተን ነው፣ ፊደሉም የአማርኛው ነው። እያንዳንዱ ሳጥን ሌብል አለው። ቋንቋው ኤ-ኤም። የአክስቴን ስልክ ሲነኩት የሚደውል ሊንክ አደረግኩት። መልኩ ከድሮው አልተለወጠም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አቅቶኛል። አስተማሪው ነጥቡን አልመለሰልኝም። ተራው አልፏል አለ።

መልስ 34። 9ኛዋ ተመለሰች። ከፈተችው። ስሙን ሰማች፣ በአማርኛ። ኤች ስትጫን ምግብ፣ ኤች ስትጫን ማዘዣ። ቀጥታ ወርዳ ስሟንና ስልኳን ሞላች፣ አንድ ተጋቢኖ ጻፈች፣ እዘዝ ላይ ኢንተር ተጫነች። ሁለት ስህተት ግን አገኘች። አንደኛ፣ ለፎቶዎቹ ሁሉ መግለጫ ብዬ የጻፍኩት ፎቶ የሚል ቃል ነው። 11 ጊዜ ፎቶ፣ ፎቶ፣ ፎቶ ሲላት ቆየ። ሁለተኛ፣ ካዘዘች አንድ ሰዓት ሆኗታል፤ የመጣ ነገር የለም።

ፎርሙ የትም አይልክም። የልምምድ ገጽ ነው፤ በሌላው በኩል የሚቀበል ነገር አልሠራሁም። ይህን ልጽፍላት ስጀምር ስልኬ ጠራ። አክስቴ ነች። አንዲት ልጅ ደውላ ተጋቢኖዬ የት ደረሰ ትለኛለች፣ ማን ነች እሷ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍከው ትለኛለች።